የተቀበልነውን ለማን እንሰጣለን?

ለማሰላሰል፦ 1ኛ ቆሮ. 15፥1-3፤ 2ኛ ጢሞ. 2፥1-2፤ ዕብ. 11፥39 እስከ 12፥2



ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ የክርስቲያንን ሕይወት በሩጫ እየመሰለ ደጋግሞ አስተምሯል። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይህ ምሳሌ ብዙ ትርጓሜ አያሻውም። አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. በሮም ከተማ በባዶ እግሩ ሮጦ ካሸነፈ ወዲህ ሩጫ በየቤታችን የሚነገር ነገር ሆኗል። ያ ማራቶን ሲፈጸም ጨልሞ እንደ ነበረ፣ በመንገዱም ዳር ወታደሮች ችቦ ይዘው ያበሩ እንደ ነበረ የሚያስታውሱ ግን ጥቂቶች ናቸው። ስለ ሩጫ ስናስብ ዓይናችን የሚያርፈው አንደኛ በሚወጣው ሰው ላይ ነው፤ መብራት ይዘው የቆሙትን አናያቸውም።

ዛሬ ላካፍላችሁ የምወደው ስለ ሌላ ዓይነት ሩጫ ነው። ይህ ሩጫ ማንም ብቻውን የማይፈጽመው፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚዘልቅና ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ነው። ስለ እርሱ የምናገረው ሮጬበት አይደለም፤ በደል ሠርቼበት ነው።

ከተራራ እስከ ባሕር

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለትምህርት ወደ ሰሜን አሜሪካ ተልኬ፣ በኦሪገን ግዛት በምትገኝ አንዲት ቁምስና እያገለገልሁ አንድ ዓመት ቆይቼ ነበር። በዚያ አገር በየዓመቱ በነሐሴ ወር «ሁድ ቱ ኮስት» የሚባል የረዥም ርቀት የዱላ ቅብብል ሩጫ ይካሄዳል፤ ትርጉሙም ከሁድ ተራራ እስከ ባሕር ዳርቻ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ቦብ ፉት የተባለ ሰው ሲጀምረው የተካፈሉት ስምንት ቡድኖች ብቻ ነበሩ፤ በኋላ ግን ከአንድ ሺህ በላይ ቡድኖች የሚሮጡበት ታላቅ ውድድር ሆነ። የሁድ ተራራ ጫፍ ከ3,400 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ሩጫው የሚነሣው ከተራራው ወገብ፣ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ካለው ቲምበርላይን ከተባለ ሥፍራ ሲሆን፣ የሚፈጸመው በሰላማዊ ውቅያኖስ ዳር በምትገኘው በሲሳይድ ከተማ አሸዋ ላይ ነው።

የመንገዱ ርዝመት 320 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከአዲስ አበባ እስከ ሐዋሳ ካለው ይበልጣል። መንገዱ በ36 ምዕራፎች የተከፈለ ነው። አንድ ቡድን እስከ 12 ሰዎች ሲኖሩት እያንዳንዱ በየተራው ሦስት ጊዜ ይሮጣል። ስድስቱ በአንድ መኪና፣ ስድስቱም በሌላ መኪና ሆነው ይጓዛሉ፤ የአንዱ መኪና ሰዎች ሲሮጡ የሌላው መኪና ሰዎች ያርፋሉ። ከአንዱ ሯጭ ወደ ሌላው የሚተላለፈው የእንጨት ዱላ ሳይሆን፣ በእጅ አንጓ ላይ መታ ሲያደርጉት የሚጠመጠም ቀላል አምባር ነው። ገንዘብ አያወጣም፤ ነገር ግን ያ አምባር ካልተላለፈ የሚቀጥለው ሯጭ ከሥፍራው መነሣት አይችልም።

አብዛኞቹ ሯጮች ስመ ጥር አትሌቶች አይደሉም። ከእኛ ቁምስና የወጣው ቡድን አባላት በሥራ ቀን መምህር፣ ነርስ፣ ሒሳብ ሠራተኛ፣ አናጢና ተማሪ የሆኑ ሰዎች ነበሩ። ከሁሉም የሚያንሰው የ20 ዓመት ወጣት ሲሆን፣ ከሁሉም የሚበልጡት ደግሞ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ጡረተኛ መምህርት ነበሩ። ወጣቱ ከተራራው ላይ ሩጫውን እንዲጀምር፣ መምህርቷም የመጨረሻውን ምዕራፍ ሮጠው ባሕሩ ዳር እንዲያደርሱ ተመደቡ። እኔ ሯጭ ስላልሆንሁ የመጀመሪያውን መኪና እንድነዳ ተደረገ።

በዚህ ውድድር ከወደድኋቸው ሥርዓቶች አንዱ ይህ ነው፦ ሁሉም በአንድ ሰዓት አይነሡም። ዝግ የሚሉት ቡድኖች ማለዳ ይነሣሉ፤ ፈጣኖቹ ከሰዓታት በኋላ ይከተላሉ፤ በመጨረሻም ሁሉም በተቀራረበ ጊዜ ባሕሩ ዳር ይገናኛሉ። ደካማው ቀድሞ እንዲነሣ መደረጉ ለማንም ውርደት ሆኖ አልታየም።

ሲመሽ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ሯጩ ብርሃን የሚያንጸባርቅ ሰደርያ ለብሶ፣ በግንባሩ ላይ ትንሽ ባትሪ አስሮ በጨለማ ውስጥ ይገባል። የሚታየው ከፊቱ ያሉት ጥቂት እርምጃዎችና ከእርሱ ቀድሞ በሚሮጠው ሰው ጀርባ ላይ ብልጭ ድርግም የምትል መብራት ብቻ ናት። ብቻውን ይሮጣል፤ ግን ብቻውን አይደለም። ከኋላው አሥር ሰዎች ሮጠውለታል፤ ከፊቱም በብርድ የሚጠብቀው ሰው አለ። ይህን ባያምን ኖሮ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በማያውቀው ጫካ ውስጥ ለምን ይሮጣል?

ማንም ያልነበረበት መቀባበያ

አሁን ወደ በደሌ ልምጣ። ሁለተኛው መኪና ሌሊት ከ19ኛው እስከ 24ኛው ምዕራፍ ሲሮጥ፣ የእኛ መኪና ቀድሞ ሄዶ በ24ኛው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ባለ ሜዳ አረፈ። ስድስቱ ሯጮች በመኝታ ከረጢታቸው ውስጥ ሆነው በሣሩ ላይ ተኙ። በእነዚያ ተራሮች መካከል ስልክ አይሠራም። ስለዚህ ነቅቼ እንድጠብቅ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይም ወጣቱን እንድቀሰቅሰው ለእኔ አደራ ተሰጠኝ። «አባ፣ እናንተ ካህናት ሌሊት መነሣት ትችሉበታላችሁ» ብለው ቀለዱ። እኔም ሳቅሁ፤ መቁጠሪያዬን ይዤ በመሪው ፊት ተቀመጥሁ። ሦስተኛውን ምሥጢር ጀምሬ እንደ ነበር አስታውሳለሁ። ስለ አራተኛው የማስታውሰው ነገር የለም።

የቀሰቀሰኝ የመስኮቱ መንኳኳት ነበር። አንድ በጎ ፈቃደኛ ባትሪ ይዞ በመኪናዎቹ መካከል እየዞረ የቡድናችንን ቁጥር ሲፈልግ ነበር። በድምፅ ማጉያ ተጠርተን አልሰማንም። ሁለተኛው መኪናችን በአቧራማው መንገድ በተሰለፉት መኪናዎች መካከል ተይዞ ገና አልደረሰም ነበር። መምህርቷ ግን ምዕራፋቸውን ሮጠው ደርሰዋል። የሚቀበላቸው ሰው ሊቆምበት በሚገባው ቦታ ላይ ማንም አልነበረም።

ወጣቱን ቀስቅሼ እየሮጥን ስንደርስ፣ መምህርቷ ላባቸው ቀዝቅዞባቸው እየተንቀጠቀጡ አምባሩን በእጃቸው ይዘው ቆመው ነበር። ሀያ ሁለት ደቂቃ ጠብቀዋል። ወጣቱ አምባሩን ተቀብሎ በረረ። እኔ ይቅርታ ስጠይቃቸው አልተቆጡም፤ እንዲህ ብቻ አሉኝ፦ «አባ፣ ድካሙስ ምንም አይደለም። የከበደኝ ሮጬ ያመጣሁትን የምሰጠው ሰው ማጣቴ ነው።»

ወጣቱ ያንን ጊዜ ለመመለስ ኃይሉን ሁሉ አፈሰሰ፤ ከደቂቃዎቹ ጥቂቶቹን ብቻ መለሰ። በማግስቱ ከቀትር በኋላ አሥራ አንዱም ሯጮች በሲሳይድ አሸዋ ላይ ቆመን ጠበቅን። መምህርቷ እያነከሱ ሲመጡ ሁሉም ተቀላቀሏቸው፤ እኔንም በክንዴ ይዘው ጎተቱኝ፤ የመጨረሻውን መስመር አብረን ተሻገርን። ስለ ሀያ ሁለቱ ደቂቃዎች የተናገረ አንድም ሰው አልነበረም። እኔ ግን ወደ ባሕሩ እየተመለከትሁ የማስበው ስለ ሌላ ሰው፣ ስለ ሌላም የተዘረጋ እጅ ነበር።

ተረካቢ የለመኑኝ መምህር

ከተቀባሁ በኋላ መጀመሪያ ያገለገልሁባት ቁምስና በገጠር ነበረች። ከዋናው ቤተ ክርስቲያን የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ርቃ አንዲት ትንሽ ጸሎት ቤት ነበረች፤ በእርስዋም ከሠላሳ ዓመት በላይ ትምህርተ ክርስቶስ ያስተማሩ አንድ አዛውንት ነበሩ። ካህን በወር አንድ ጊዜ፣ ወንዙ በሚሞላበት ክረምት ደግሞ ከዚያ ባነሰ ይደርስላቸው ነበር። እሑድ ሕዝቡን ሰብስበው ጸሎት የሚመሩ፣ ሕፃናትን ለምሥጢራት የሚያዘጋጁ፣ የታመመውን የሚጠይቁ፣ የሞተውን የሚቀብሩ እርሳቸው ነበሩ።

ሦስት ጊዜ ለመኑኝ። «አባ፣ ዓይኔ ደክሟል፤ እግሬም አልታዘዝ ብሎኛል። ከእኔ ጋር የሚውል አንድ ልጅ ይስጡኝ፤ ሕዝቡን ላሳየው፣ ሥራውን ላስረክበው» አሉኝ። በመጀመሪያ «ከፋሲካ በኋላ» አልኋቸው። ቀጥሎም «ክረምቱ ይለፍ» አልሁ። በሦስተኛው ጊዜ «እርስዎ እያሉልን ምን ያስቸኩለናል?» ብዬ፣ ያከበርኋቸው መስሎኝ ነገሩን አለፍሁት። ክረምቱ ሳይወጣ ዐረፉ።

በአርባኛው ቀን ለጸሎት ወደዚያ ስሄድ ጸሎት ቤቷ ተዘግታ ነበር። ለመጀመሪያ ቁርባን ይዘጋጁ የነበሩት ልጆች ተበትነዋል። ማን እስከ የት እንደ ተማረ፣ የትኛው ቤት ተጣልቶ እንደ ቀረ፣ የትኛዋ እናት መጽናናት እንደሚያስፈልጋት፣ ይህ ሁሉ የተጻፈው በእርሳቸው ልብ ውስጥ ብቻ ነበርና አብሮ ተቀብሯል። ሥራው ዳግመኛ እስኪጸና ሁለት ዓመት ፈጀ። ከልጆቹ አንዳንዶቹ እስከ ዛሬ አልተመለሱም። ለሀያ ሁለት ደቂቃ ይቅርታ የሰጡኝን መምህርት አመስግኛለሁ፤ ስለ እነዚህ ሁለት ዓመታት ግን ይቅርታ የምጠይቀው እግዚአብሔርን፣ እነዚያን አዛውንትና እነዚያን ልጆች ነው።

ትውፊት ምን ማለት ነው?

ውድ ወንድሞችና እኅቶች፣ ቤተ ክርስቲያናችን ስለ ትውፊት ስታስተምር አንዳንዶቻችን ስለ አሮጌ ልማድ የምትናገር ይመስለናል። ነገር ግን ትውፊት የሚለው ቃል በግእዝ አወፈየ፣ ማለትም አስረከበ፣ አደራ ሰጠ ከሚለው ግስ ጋር ይዛመዳል። በላቲን ቋንቋም የቃሉ ፍች ይኸው ነው። ስለዚህ ትውፊት በሣጥን የሚቀመጥ ዕቃ ሳይሆን፣ በአንድ እጅና በሌላ እጅ መካከል የሚፈጸም ተግባር ነው። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ መለኮታዊ መገለጽ ባወጣው ድንጋጌ፣ ቤተ ክርስቲያን በትምህርቷ፣ በሕይወቷና በአምልኮዋ የሆነችውንና የምታምነውን ሁሉ ለትውልድ ሁሉ እንደምታስተላልፍ አስተምሯል።

ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ምእመናን ወንጌልን ሲያስታውሳቸው፣ ከራሱ ያመነጨውን ሳይሆን እርሱ ራሱ የተቀበለውን እንዳስረከባቸው ይገልጻል። ለጢሞቴዎስ በጻፈው ሁለተኛ መልእክት ደግሞ አራት እጆችን በአንድ ላይ እናያለን፦ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሰጠ፤ ጢሞቴዎስ ለታመኑ ሰዎች ይሰጣል፤ እነርሱም ሌሎችን ያስተምራሉ። ሐዋርያው ለጢሞቴዎስ ያዘዘው ጥሩ አድርጎ እንዲያስተምር ብቻ አይደለም፤ ማስተማር የሚችሉ ሰዎችን እንዲያገኝ ነው።

ካላስረከብን ምን ይሆናል? በጃፓን አገር እ.ኤ.አ. በ1917 ከኪዮቶ እስከ ቶኪዮ 508 ኪሎ ሜትር የሸፈነ፣ ሦስት ቀን የፈጀ የቅብብል ሩጫ ተደርጎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ይህ ዓይነት ሩጫ በዚያ አገር እጅግ የተወደደ ነው። እዚያ ሯጮች የሚቀባበሉት በትከሻ ላይ የሚጠለቅ መታጠቂያ ሲሆን፣ የቀደሙት ሁሉ ላብ ስላለበት በታላቅ ክብር ይያዛል። በሀኮኔ በሚደረገው የዩኒቨርሲቲዎች ውድድር ግን አንድ ጠንከር ያለ ደንብ አለ። ሯጩ ከመሪው ከተወሰነ ደቂቃ በላይ ከዘገየ፣ ተረካቢው ሌላ ምትክ መታጠቂያ ታጥቆ እንዲነሣ ይደረጋል። ሩጫው አይቆምም፤ ነገር ግን ያ ወጣት የሚሮጠው ከወንድሞቹ እጅ ያልተቀበለውን ይዞ ነው።

ይህን ደንብ ባሰብሁ ቁጥር ልጆቻችን በፊቴ ይቆማሉ። እኛ በዘገየን ጊዜ ልጆቻችን ቆመው አይጠብቁንም፤ ይሮጣሉ። ነገር ግን በእጃቸው የሚይዙት እኛ ያልሰጠናቸውን፣ ከየመንገዱ ያገኙትን ምትክ ይሆናል። «የዛሬ ወጣት እምነት የለውም» ብለን ከማማረራችን በፊት፣ በመቀባበያው ሥፍራ ተገኝተን ነበርን? ብለን ራሳችንን እንጠይቅ።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ የተቀበልነውን እንወቅ። በጥምቀታችን ቀን ከፋሲካው ሻማ የተለኮሰ ብርሃን ለወላጆቻችንና ለክርስትና አባቶቻችን ተሰጥቷል። ያ ብርሃን ከማን እጅ ወደ እኛ እንደ መጣ ለልጆቻችን እንንገራቸው። አያት የጸለየችውን ጸሎት፣ አባት በችግር ቀን ያልካደውን እምነት በቤት ውስጥ እንተርክ። ልጅ የማያውቀውን አደራ ሊጠብቅ አይችልም።

ሁለተኛ፣ የራሳችንን ምዕራፍ እንሩጥ። በኦሪገን ከሯጮቹ ማንም 320 ኪሎ ሜትሩን ሁሉ እንዲሮጥ አልተጠየቀም፤ ረዥሙ ምዕራፍ እንኳ ከአሥራ ሦስት ኪሎ ሜትር አይበልጥም። አንዳንዱ ቁልቁለት፣ አንዳንዱ ዳገት፣ አንዳንዱ ደግሞ ሌሊት ይደርሰዋል። በሥራው ፍሬ ያላየ መምህር የሌሊቱ ምዕራፍ ደርሶት እንጂ ተሸንፎ አይደለም። አባቶቻችን አቡነ ያዕቆብ የሚሏቸው ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ እ.ኤ.አ. በ1839 ወደ አገራችን መጥተው፣ ብዙ ስደት ተቀብለው፣ በ1860 ታመው በጉዞ ላይ ሳሉ በመንገድ ዳር ዐረፉ። ልጃቸውና ወዳጃቸው ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ከአምስት ዓመት በፊት በሰንሰለት ታስረው ሞተው ነበር። በሰው ዓይን ሲታይ ሥራቸው የፈረሰ ይመስል ነበር።

ሦስተኛ፣ ገና እየሮጥን ሳለን እናስረክብ። እኒሁ ቅዱስ ሕይወታቸው ሊያልቅ ሲል አልነበረም ተተኪ የፈለጉት። በስደቱ መካከል በጓላ ትምህርት ቤት ከፍተው የአገሩን ልጆች ለክህነት አዘጋጁ፤ ስለዚህ እርሳቸው በመንገድ ሲወድቁ አደራው አብሯቸው አልወደቀም። ስለዚህ እያንዳንዱ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር በዚህ ዓመት አንድ ወጣት አጠገቡ ያቁም። መጀመሪያ እያየ፣ ቀጥሎ እየረዳ፣ በኋላም ራሱ እያስተማረ ይልመድ። የልጆቹ ስምና የደረሱበት ትምህርት በመዝገብ ይጻፍ። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2021 የትምህርተ ክርስቶስ መምህርነትን ራሱን የቻለ የአገልግሎት ማዕርግ አድርገው አቋቁመዋል፤ ይህ ሥራ ካህን በሌለበት ጊዜ ብቻ የሚፈለግ ጊዜያዊ እርዳታ አይደለም።

ለወንድሞቼ ለቆሞሳትም ከራሴ ጀምሬ አንድ ቃል አለኝ። አንድ አዛውንት መምህር ተረካቢ ሲለምነን «ከፋሲካ በኋላ» አንበል። እንዲነቃ የታዘዘው እረኛው ነው። የተኛው እርሱ ከሆነ፣ በብርድ የሚቆመው ሮጦ የመጣው ነው።

ደጉ እግዚአብሔር ግን የተኛውን አንኳኩቶ የሚቀሰቅስ ነው። ወደ ዕብራውያን የተላከው መልእክት፣ ቀደምት አባቶች በእምነት ተመስክሮላቸው ሳለ፣ ያለ እኛ ፍጹማን እንዳይሆኑ እግዚአብሔር እንደ ፈቀደ ያስተምረናል። ይህ እጅግ ድንቅ ነገር ነው። ጳውሎስና ጢሞቴዎስ፣ አቡነ ያዕቆብና አባ ገብረ ሚካኤል፣ እኚያ አዛውንት መምህርም ምዕራፋቸውን ጨርሰው በዳርቻው ቆመው ይጠብቁናል። የመጨረሻው ሯጭ ሲደርስ ሁሉም አብረው ይሻገራሉ። እስከዚያ ድረስ በእጃችን ያለው አደራ የእኛ ብቻ አይደለም።

አቤቱ ጌታ ሆይ፣ ለሰጡን አባቶችና እናቶች ዕረፍትን ስጥ። እኛን ከእንቅልፋችን አንቃን፤ የሌሊቱም ምዕራፍ ሲደርሰን አጽናን። እጃችንን ስንዘረጋ የሚቀበለን፣ ሌላውም እጁን ሲዘረጋ የምንቀበል አድርገን። ለዘለዓለሙ አሜን።